በኖርማል ነው?

አራስ ልትጠይቅ የገባች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ከተቀመጠችና ገንፎው ከቀረበ በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ «በኖርማል ነው ወይስ በኦፕራሲዮን?» ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ሳልሰማ የወጣሁበት የአራስ ቤት ትዝ አይለኝም። እናቶቻችን «በምጥ» ነበር የሚሉት። ምጥ በሚለው ቃል ውስጥ የወላዷ ጩኸት አለ፤ የአዋላጇ እጅ፣ ደጅ ቆመው «ማርያም፣ ማርያም» የሚሉት ሰዎችም አሉ። «በኖርማል» ሲባል ግን ማንም የለም። ሴትዮዋ በሞትና በሕይወት መካከል ያለፈችበት ሌሊት እንደዋዛ በአንድ ቃል ታለፈ።

ቃሉ ከአፋችን ይጥፋ አልልም። የምርመራ ወረቀቱን ይዞ ለሚንቀጠቀጥ ሰው «ኖርማል ነው» መባል ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ አውቃለሁ። ቁርስ ቤት ገብቶ «ፉሉ ኖርማል ይሁን ስፔሻል?» መባልም ማንንም አይጎዳም። የሚያሳስበኝ ቃሉ ወደ ሰው ሲዞር ነው።

ኖርማል ሥሩ ላቲን ነው። «ኖርማ» አናጢ የእንጨቱን ማዕዘን የሚያስተካክልበት መለኪያ ነበር። ሰውን እንደ እንጨት መለካት የመጣው ቆይቶ ነው። ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ በ1835 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የብዙ ሰዎችን ቁመትና ክብደት አስልቶ «አማካይ ሰው» የሚለውን ሐሳብ አቆመ። ያ ሰው ከማንም እናት አልተወለደም። እኛ ግን ልጆቻችንን ከእርሱ ጎን እያቆምን እናስተያያለን።

የእኛው «የተለመደ» ግን ከግስ የወጣ ነው፤ ግስ ደግሞ ባለቤት ይፈልጋል። ማን ለመደው? ከጮቄ ተራራ ሥር ላለ ገበሬ የኅዳር ውርጭ የለመደው ነው። ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ላደገ ሰው ያው ውርጭ እንግዳ ነው። «እንግዳ»ም ቢሆን ብዙ የሚያመራምር ቃል ነው። ግራ የገባን ነገርና ማታ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል መንገደኛ በአንድ ስም ይጠራሉ። መንገደኛው እግሩን ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ ከሰነበተም ቤተኛ ይሆናል። ስለዚህ አንድን ነገር እንግዳ ስንል ገና ወደ ቤት አላስገባነውም ማለታችን ነው፤ የቀረው ሥራ የእኛ ነው።

«ተራ»ም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛው ኦርዲናሪ በላቲን ሥሩ ረድፍ ማለት ነው፤ ተራም ረድፍ ነው። የማይዛመዱት ሁለት ቋንቋዎች እዚህ ላይ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። «ተራ ሰው» ሲባል ስድብ ይመስላል። መናኸሪያ ሂዱና ግን ተራው የተነጠቀ ሰው እንዴት እንደሚቆጣ ተመልከቱ፤ የተነጠቀው ክብሩን ነው።

ልዩ ነገር ከተለመደው ውጭ ነው የሚለውን ሐሳብ የጎጃም ቅኔ ቤት አያውቀውም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩባቸው እንደ ደብረ ኤልያስና ዲማ ባሉት ጉባኤ ቤቶች፣ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ የእኔ ነው ተብሎ አይቀርብም። ተማሪው ዛፍ ሥር ተከናንቦ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና የራሱን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ አዲስ መሆን አለባት። ያልተሰማ ነገር መናገር የዘወትር ሥራ ነው ማለት ነው። የቤቱን ቁጥርና የዜማውን ልክ ግን ማንም አይነካም። አዲሱ ሐሳብ የሚወለደው ሁሉም በለመደው ልክ ውስጥ ነው።

ጎረቤታችን አንድ ልጅ ነበር። አምስት ዓመቱ አልፎም አይናገርም፤ ጠጠር በየመልኩ እየለየ በተራ ሲደረድር ይውላል። አንድ ቀን ቡና ላይ ሳለን እናቱ እየሰማች «ይህ ልጅ ኖርማል አይደለም» አልሁ። ማንም አልተቃወመኝም። ከዚያ ወዲህ ሰው ቡና ስትጠራ ልጁን ጓዳ ታስቀምጠው ጀመር። ያን ቀን የማውቀው እውነት አንድ ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለ ልጅ አልለመድሁም። ያንን ብል ኖሮ ጉድለቱ የእኔ መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ምናልባትም ሄጄ ከጠጠሮቹ አጠገብ እቀመጥ ነበር።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ስለ ሰው ስትናገሩ ያ ቃል አፋችሁ ላይ ሲመጣ መልሱትና «እኔ አልለመድሁትም» በሉ፤ ከዚያ ሂዱና አብራችሁት ተቀመጡ።