ምን አስቸኮላችሁ?

ሰው ያለ ጉዳይ፣ ለደስታው ብቻ መንገድ ቢወጣ ጊዜውን አባከነ ይባላልን? ብዙዎቻችን ያደግነው መንገድ ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለንግሥ ካልሆነ አይወጣም ስንባል ነው። ስለዚህ ተራራና ሸለቆ ለማየት ብቻ በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ ሰው ሥራ ፈት መስሎ ቢታይ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ አቋርጦ የሚያልፈውን፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በሞተር ብስክሌት የተጓዘ ሰው የዚህን ደስታ ምንነት ያውቃል። ከአፋፉ ሲነሡ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደው ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ ሙቀቱ ካፖርት ያስወልቃል። በመስተዋት ተከልሎ በመኪና የሚያልፈው መንገደኛ የማያገኘውን የአፈር ሽታ፣ የማሽላውን ማሳ ነፋስ፣ የዝንጀሮውን ጩኸት ሞተረኛው በገላው ይቀበለዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተከፈተውን ድልድይ ተሻግሮም ዳገቱን እንደ ገና ይያያዘዋል።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ጨዋታና መዝናናት ሲያስተምር፣ የደከመ ሥጋ ዕረፍት እንደሚያሻው ሁሉ የደከመች ነፍስም ደስታ ያሻታል ይላል። ነገር ግን ደስታው ነውርና ጉዳት እንዳይኖርበት፣ አእምሮን ሚዛን እንዳያሳጣ፣ ለሰውም ለቦታም ለጊዜም የሚስማማ እንዲሆን ያስጠነቅቃል። ይህን በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን አጥንተነው ነበር፤ ትርጉሙ የገባን ግን ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን ከአንድ ባልደረባችን ጋር በዚሁ ቁልቁለት ስንወርድ፣ ኩርባው ላይ ማርሽ መቀነስ ሲገባን በፍጥነቱ ተደስተን ለቀቅነው። ከኩርባው ማዶ አንድ ሽማግሌ እህል የጫነች አህያ እየነዱ ይመጡ ነበር። አህያይቱ ደንብራ ወደ ገደሉ አፍ ሮጠች፤ ጭነቱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ እርሷ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ከአፋፉ ላይ ቆመች። ወርደን ይቅርታ ጠየቅን፤ የፈሰሰውንም እህል አብረን ለቀምን። ሽማግሌው አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ምን አስቸኮላችሁ?» ብቻ አሉን።

መልስ አልነበረንም። የታመመ ሊጠይቅ የሚሮጥ ሰው ምክንያቱን ይናገራል፤ እኛ ግን የወጣነው በመንገዱ ልንደሰት ነበር። ታዲያ የመጣንበትን ነገር ለምን ሮጠን እናልፈዋለን? ያ ቁልቁለት ለእኛ መዝናኛ ነው፤ ለእሳቸው ግን ለገበያ የሚወጡበትና የሚወርዱበት ድካም ነው። የእኛ ደስታ የእሳቸውን ቤተ ሰብ ቀለብ ገደል ሊሰድድ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ ለደስታ መጓዝ ኃጢአት ነው አንልም። ነገር ግን ከኩርባው ማዶ ማን እንዳለ አይታይምና፣ ሁልጊዜ ሰው እንዳለ ቆጥሮ መንዳት ግዴታ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኩርባ ስንደርስ ማርሽ እንቀንሳለን፤ የተጫነ ከብት ስናይ ሞተሩን እናጠፋለን፤ እግረኛውንም ሰላም እንላለን። መንገዱ ከበፊቱ ብዙ ሰዓት ይወስድብናል። ቅር አላለንም፤ የወጣነውስ ለዚሁ አይደለምን?