«አብሽር» ማለት ስንት ያወጣል?

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በየቤቱ አንድ ቃል ይበዛል። አዲስ አበባ ላይ «አይዞህ» ነው። ወሎ ላይ «አብሽር» ነው። ከሚሴና ሰንበቴ ላይ፣ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ከሆነ፣ «ጀባዹ» ይታከልበታል፤ በርታ ለማለት። «አብሽር» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ ሲታይ የምሥራች ይድረስህ እንደ ማለት ነው። ደግ ቃል ነው። ግን እስቲ እንጠይቅ፦ የምሥራቹን የምናውቀው ከየት ነው?

ቁጥሩ በአደባባይ የተነገረ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ከፍ እያለ ነው፣ ይኼ ይመዝገብ። አንድም ልጅ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ግን በነዚያ ዓመታት ከሺህ በላይ ነበሩ። ታዲያ ከመቶ ጓደኞቹ ከዘጠና በላዩ እንደሚቀሩ የሚያውቅ ልጅ ሌሊቱን ሲገላበጥ ቢያድር «ጭንቀታም» እንበለው? ሒሳብ የገባው ልጅ ነው እንጂ።

ፈተናው ይቅለል እያልኩ አይደለም። ግንቦት 2008 ላይ የእንግሊዝኛው ወረቀት ወጥቶ ፈተናው በጠቅላላ መሰረዙን የሚረሳ የለም። ከዚያም በኋላ ኩረጃው ቡድን ሠርቶ፣ ስልክ ይዞ፣ አንዳንዴም አስተማሪ ጨምሮ ሲካሄድ ኖሯል። ጥቅምት 2015 ላይ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲገቡ ሲደረግ የሆነው ነገር መስተዋቱን መጥረግ ነው። ፊታችንን ያቆሸሸው መስተዋቱ አልነበረም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያንን ፊት የሚያየው ማን ነው? ልጁ ብቻውን ነው።

ሰንበቴን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ፣ ከሚሴ ከመድረሱ በፊት ያለች ቆለኛ ከተማ ናት፤ በእሁድ ገበያዋ ትታወቃለች። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ደገኛው እህሉን፣ አርጎባው የእጁን ሥራ ይዞ ይወርዳል። ለአዲስ አበባ ልጅ እሁድ የማጥኛ ቀን ነው፤ ለሰንበቴ ልጅ ግን የቤቱ ገቢ የሚሰበሰብበት ቀን ነው፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ከብት ይይዛል። ማሽላው ሲያሽት ደግሞ ወፍ ጥበቃ አለ። ቤት በኦሮምኛ፣ ገበያ በአማርኛ፣ የፈተናው ወረቀት በእንግሊዝኛ። የ2014 ተፈታኞችማ ጉዳቸው የባሰ ነበር፦ መጋቢት 2013 ላይ አካባቢው በግጭት ታመሰ፤ ትምህርቱ በተጀመረበት ሰሞን፣ ጥቅምትና ኅዳር 2014 ላይ፣ ጦርነቱ ከሚሴን ይዞ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ። በዓመቱ እነዚያው ልጆች ከቦሌ ልጆች ጋር አንድ ዓይነት ወረቀት ተቀበሉ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከቆዩት ፈላስፎች አንድ ምሳሌ ደጋግሜ እጠቅስ ነበር። ስቶይኮቹ የሚያነሡት ቀስተኛ ነው፤ ሲሴሮ ጽፎታል። ቀስተኛው የሚጠበቅበት አስተካክሎ ማነጣጠር ነው፤ ቀስቱ ኢላማውን መምታቱ ግን የሱ ፋንታ አይደለም፣ ነፋስ አለና። ለተፈታኝ ከዚህ የተሻለ መጽናኛ አላውቅም። አጥና፣ ውጤቱን ልቀቀው። ጥሩ። ነገር ግን የሲሴሮ ቀስተኛ ደጋን በእጁ አለ! የፊዚክስ መምህር ሳያይ፣ ቤተ ሙከራ ሳይገባ የቆየውን ልጅ «አንተ ብቻ በደንብ አነጣጥር» ማለት ፍልስፍና አይሆንም፣ ሹፈት ነው። ምክሩ የሚያምርበት ደጋኑን ባቀበለ ሰው አፍ ላይ ነው።

የራሳችን የቆየ ትምህርት ይህን በሌላ መንገድ ይዞት ነበር። ወሎ ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት የሚቀርብበት፣ የቅኔ ተማሪውም ከመምህሩ እግር ሥር የሚውልበት አገር ነው። ሁለቱም ዘንድ ፈተናው በየቀኑ ነው። ዛሬ የተሳሳተ ነገ ይመለሳል፤ ዓመት ቢፈጅበት ዓመት ይፈጃል፤ የሚበላውንም መንደሩ ያዋጣል። እርግጥ አለንጋውም ነበር፣ የእግር ብረቱም ነበር፣ የድሮውን ማር ብቻ አድርጎ ማውራት አልወድም። ግን ዕድሜ ልክ የሚወስን አራት ቀን የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

እስከዚያው ልጁ ምን ያድርግ? እንቅልፉን ይተኛ። ብዙዎች ሌሊቱን በጫት ይገፉታል፤ የተነበበው በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ሰዓት መሆኑን የሚነግራቸው የለም፤ የምርቃናው ማግስት ደግሞ የታወቀ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ ፈተና ሊገቡ ሲሉ ለአስር ደቂቃ ያህል ፍርሃታቸውን በወረቀት ላይ የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ወረቀትና እስክሪብቶ እኛም ዘንድ አለ። ዱዓውም ሱባኤውም ይቀጥል፤ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ የሚያስታውስ ነገር ሁሉ ደግ ነው፣ ልጁ ላይ ሌላ ዕዳ እስካልሆነ ድረስ። «ይህን ሁሉ ስለት ተስለንልህ!» የሚል ቤት አውቃለሁ።

አንድ የዚያ አካባቢ ሰው ስላደረጉት ነገር ሰምቼ ነበር፤ ጥቃቅን ዕቃ ነጋዴ ናቸው። ሴት ልጃቸው አስራ ሁለተኛ ስትገባ ከጥር ጀምሮ በገበያ ቀን ድንኳናቸው አጠገብ እንዳትደርስ ከለከሏት። እሷን የሚተካ ሰው በቀን ሒሳብ ቀጠሩ። ሰው ሲጠይቃቸው «አብሽሪ ብያታለሁ እኮ» ይሉ ነበር አሉ። ልጅቷ በዚያ ዓመት ግማሹን አልሞላችም፤ የማካካሻ ትምህርት ደረሳት። አባትየው ውጤቱን ከስልኳ ላይ ካዩ በኋላ የጠየቁት፣ ትምህርቱ የሚጀመርበትን ቀን ነው። ቅጥረኛውን ማሰናበት አለማሰናበታቸውን ለመወሰን።