ሕግ አስከባሪውም ከሕግ በታች ነው

ወንድሞች ሆይ፥ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ በኮሶዬ በኩል ከገደል አፋፍ አጠገብ ያልፋል። በዚያ ሰክሮ መኪና የሚነዳ ሰው የራሱንም የመንገደኛውንም ነፍስ ለአደጋ ይሰጣል። ነጂው ፖሊስ ቢሆንስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰውን ሁሉ በሕግ ፊት እኩል አድርጓል፤ የደንብ ልብስ የለበሰውን ለይቶ አላወጣም።

እግዚአብሔር አሮንንና ልጆቹን ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ወይን እንዳይጠጡ ያዘዘው (ዘሌ. 10፥9)፥ በአደራ ላይ የቆመ ሰው ልቡናው የጠራ እንዲሆን ነው። እንግዲህ ሰካራሙን የሚይዘው ራሱ ሰክሮ ቢገኝ፥ ፍርዱ ሊከብድበት እንጂ ሊቀልለት አይገባም። አይቶ የሚሸሽገው ባልንጀራውም የኃጢአቱ ተካፋይ ነው።

ናታን ንጉሡን ዳዊትን ፊት ለፊት እንደ ገሠጸው፥ እኛም ካህናት ፖሊስ የሆነውን የንስሐ ልጃችንን፦ ንስሐ ግባ፥ በዳኛም ፊት ቁም እንበለው። ለሰው ፊት የማያዳላ አምላክ ማስተዋልን ያድለን፤ አሜን።