ባቡሩ ካለፈ በኋላ

አንድ ሕንፃ የተሠራበት ተግባር ሲያበቃ ለእርሱ ምን ዕዳ ይቀርብናል? ይህን ጥያቄ እንደ አዲስ አበባው ለገሃር አጥብቆ የሚያነሣብኝ ቦታ የለም።

ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናየው የጣቢያው ሕንፃ ደግሞ በኅዳር 1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» አሉት፤ ሕዝቡ ሁለቱን ቃል በአንድ ገጥሞ «ለገሃር» አለው። ለተርጓሚ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ቃሉን አማርኛ ያደረገው መዝገበ ቃላት ሳይሆን ኩሊው፣ ነጋዴውና ተሳፋሪው ነውና።

አሮጌው ባቡር ወደዚያ መምጣቱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም መነሻው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም «ለገሃር!» እያለ ይጣራል።

«እንግዲህ ስሙ ካልሞተ፣ ሕንፃውም ከቆመ ምን ጎደለ?» የሚል አይጠፋም። የሚጎድለውስ ሰው ነው። ግድግዳው ታድሶ ሐዲዱን የዘረጉት፣ ባቡሩን የነዱት፣ ሸክሙን የተሸከሙት ከተረሱ፣ ዕዳው የተከፈለው በግማሽ ነው።

ካርቱም፣ ዐማራት ውስጥ የኖርን እኛም ከሚያዝያ 2015ቱ ጦርነት ወዲህ ይህን በራሳችን አይተነዋል። ብዙዎቻችን ቤቱን ትተን ስንወጣ ይዘነው የወጣነው ስሙን ነው። «ዐማራት» ስንልም የሚታወሰን ግንቡ ሳይሆን በር የከፈተልን ጎረቤት ነው። ድንጋይን መጠበቅ መልካም ነው፤ ድንጋዩን ጣቢያ ያደረጉት ግን ተቀባይና ሸኚ ነበሩ።