ልቡ ለታወከ ሰው ስለሚሰጥ ምክር

አንባቢ ሆይ፥ ልቡ የታወከ ድኃ አስቀድሞ የሚሄደው ዋጋ ወደማይጠይቀው ወደ ማኅበሩ ሽማግሌ አይደለምን? ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በነፃ የሚመክር ሰው ስለ ምክሩ አይጠየቅምን? እንቅልፍ ያጣውን፥ ሞትንም የሚመኘውን ሰው «መድኃኒቱን ትተህ ጸልይ» ቢለው፥ ጉዳቱ የሚደርሰው በመካሪው ላይ አይደለም፤ በዚያ ድኃ ላይ ነው እንጂ። ሳምራዊው ዘይትና ወይን ካፈሰሰ በኋላ ቍስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፥ ሁለት ዲናርም ከፈለለት። አንተም ከጸለይህለት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ አብረኸው ሂድ፤ ሕመሙ የጸና እንደ ሆነ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ከቤተ ሰቡ ዓመታዊ መዋጮ ተቀብሎ ያሳክማል፤ ለሰርግ ድንኳን የምናዋጣ ሰዎች ይህን ለአንድ ወንድም አናጣም። የነገረህንም ምስጢር በጉባኤ አታውጣ፤ «ጸልዩለት» እየተባለ የሚወራ ሐሜት በከተማችን በዝቷልና።