ውበትን በቁጥር ስለ መወሰን

ሊበዛ የሚችለውን ነገር ሆን ብሎ ማሳነስ ተገቢ ነውን? ጥያቄው ሲታይ የነጋዴ ይመስላል። የጃፓንን ቤተ መቅደሶች የሚያሳዩ፣ በእንጨት ቅርጽ የታተሙ ሥዕሎችን ለሚሰበስብ ሰው ግን የኅሊና ጥያቄ ነው። በሥዕሉ ግርጌ በእርሳስ «37/100» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከመቶዎቹ ሠላሳ ሰባተኛው ይህ ነው፣ መቶ አንደኛው አይኖርም ማለት ነው። እንግዲህ ሰብሳቢው ገንዘቡን የከፈለው በእጁ ለገባው ሥዕል ብቻ ሳይሆን፣ በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ለተከለከለውም ጭምር ነው።

የጃፓን ኅትመት ታሪክ ግን የሚጀምረው ከማነስ ሳይሆን ከመብዛት፣ ያውም ከቤተ መቅደስ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን ንግሥት ሾቶኩ አንድ ሚሊዮን ትንንሽ የእንጨት ፓጎዳዎች አሠርታ፣ በውስጣቸው የታተመ የቡድሃ ጸሎት አስቀምጣ ለ10 ቤተ መቅደሶች አከፋፈለች። ሥራው በ770 ገደማ ተፈጸመ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በዚያ እምነት ጸሎቱ በተባዛ መጠን በረከቱ ይበዛል እንጂ ዋጋው አይረክስም። ከሺህ ዓመት በኋላም ሂሮሺጌ በ1856 የአሳኩሳን ቤተ መቅደስ በረዶ ለብሶ ሲያሳይ፣ ሥዕሉ ተራው የከተማ ሕዝብ የሚገዛው ነበር፤ ቁጥር የጻፈበትም አልነበረም።

እርግጥ እንጨቱ ራሱ ወሰን አለው። የቼሪ ጣውላ ላይ የተቀረጸ ቀጭን መስመር በቀለምና በመዳመጫ ብዛት ይደነዝዛል። ይህ ወሰን ማንንም አይበድልም። በ20ኛው መቶ ዘመን እንደ ሳይቶ ኪዮሺ (1907-1997) ያሉት ሠዓሊዎች ራሳቸው ነድፈው፣ ራሳቸው ቀርጸው፣ ራሳቸው ሲያትሙ ኅትመታቸውን መቁጠራቸውም ነውር የለበትም። ያንድ ሰው ክንድ የሚችለው የተወሰነ ነው፤ ሠዓሊም መብላት አለበት። ከዚህም በላይ ቁጥሩ ቃል ኪዳን ነው፤ መቶ ብሎ ሁለት መቶ የሚያትም ሰው አታላይ ነው።

ታዲያ ችግሩ ከወዴት ነው? የካዋሴ ሃሱይን ሥራ እንመልከት። በ1925 የወጣው የዞጆጂ ሥዕሉ ቀዩን በርና በበረዶ ውስጥ ጃንጥላዋን ዘቅዝቃ የምትታገለውን ሴት ያሳያል። ሠዓሊው ነደፈ፣ ቀራፂው ቀረጸ፣ አታሚው አተመ፣ ዋታናቤ ሾዛቡሮ አሳተመ። (የቀራፂውና የአታሚው ስም ብዙውን ጊዜ ከሰብሳቢው አፍ አይሰማም፤ ይህ ራሱን የቻለ ግፍ ነው።) የሃሱይ ሥዕሎች ከሞቱ በኋላም ታትመዋል። ስለሆነም ሰብሳቢው አጉሊ መነጽሩን ይዞ፣ ከበረዶው ይልቅ በኅዳጉ ያለውን የአሳታሚ ማኅተም ሲመረምር ይውላል፤ የቀደመው ከኋለኛው እጅግ ይወደዳልና። ሠዓሊው በሕይወት ሳለ እያየ ያሳተመው በእርግጥ ሊበልጥ ይችላል። ዓይን ልዩነቱን ካየ ክርክር የለንም። ዓይን ሳያይ ማኅተሙ ብቻ ከተናገረ ግን፣ የተወደደው ሥዕሉ ነው ወይስ የጎረቤት ማጣት? በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ነው፤ ይህንንም ፍቅረ ጥበብ ብሎ መጥራት ስሙን ማርከስ ነው።

ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋልና ሥዕሉ በመሳቢያ ይቆለፋል፤ ምክንያቱ እውነት ነው። የዞጆጂ ዋና አዳራሽ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። በ1622 የተሠራው ቀዩ በር ግን ቆሟል፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያየዋል።

ሃሱይ በ1957 ሲያርፍ፣ አንድ መነኩሴ በሂራይዙሚ በረዶ ውስጥ ወደ ወርቃማው አዳራሽ ብቻውን ሲሄድ የሚያሳየው ሥዕሉ ገና አላለቀም ነበር። ባልደረቦቹ ከሞቱ በኋላ ፈጸሙት፤ ለመታሰቢያውም ለወዳጆቹ በስጦታ ታደለ። ዛሬ ያም ሥዕል በጨረታ ይሸጣል።