የኢያጎን ፊት ማን ይሥላል?

አንድ አሳዛኝ ተውኔት የሚማሩ ተማሪዎች መጽሐፉን አንብበው ለፈተና ጥያቄ መልስ በመስጠት ብቻ ሳይወሰኑ፣ በቡድን ሆነው ታሪኩን በአንድ ትልቅ ሸራ ላይ እንዲሥሉት ማድረግ በልዩ ልዩ አገሮች መምህራን የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። አንዱ ገጸ ባሕርያቱን፣ ሌላው ቦታውን፣ ሦስተኛው ምልክቶቹን ይይዛል። ላይ ላዩን ሲታይ ጨዋታ ይመስላል። እኛ ግን ከጨዋታው በስተ ጀርባ ያለውን የሕሊና ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን፤ ይኸውም ክፋትን በምንሥልበት ጊዜ የማንን መልክ እንሰጠዋለን? የሚለው ነው።

ለምሳሌ የሚሆነን የሼክስፒር «ኦቴሎ» ነው። ይህ ተውኔት በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት መታየቱ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1604 በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት ሲሆን፣ ለአማርኛ መድረክ ያበቃው ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ኦቴሎ የቬኒስን ጦር የሚመራ ጥቁር ጀግና ነው። ሰንደቅ ያዡ ኢያጎ ሚስቱ ዴዝዴሞና ከካሲዮ ጋር እንደ ወሰለተች ቀስ በቀስ በጆሮው ያንሾካሹክለታል። ማስረጃው አንድ የጠፋ መሐረብ ነው። ዴዝዴሞና ካሲዮ ተጠርቶ እንዲጠየቅ ትለምናለች፤ አንዲት ጸሎት የማድረሻ ጊዜም ትለምናለች፤ ሁለቱንም ታጣለች። ባሏ አፍኖ ከገደላት በኋላ እውነቱ ይገለጣል፤ ነገር ግን የተገለጠው ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ ይህ ሸራ በአሶሳ በሚገኝ አንድ ክፍል ተዘረጋ እንበል። በዙሪያው የበርታ፣ የማኦና የኮሞ ልጆች፣ እንዲሁም በ1970ዎቹ በሠፈራ ከወሎ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል፤ ኦቴሎን በምን ቀለም እንቀባው? በቬኒስ ጥቁሩ እርሱ ብቻ ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ሁላችንም ጥቁሮች ሆነን ሳለ፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን እርስ በርሳችን ደረጃ ስናወጣ ኖረናል። የዚህ ክልል ሕዝቦች በባርያ ፍንገላ ለብዙ ዘመን ተሰቃይተዋል፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢሻርም፣ እዚህ ልንጽፈው የማንወደው የንቀት ስም ከአንደበት ቶሎ አልጠፋም። ስለሆነም ቀለሙን የሚመርጠው ተማሪ የሚመርጠው ቀለም ብቻ አይደለም። ኢያጎ የኦቴሎን ልብ የሰበረው፣ ቀድሞውኑ በሌሎች ንቀት በቆሰለበት ቦታ ላይ እንደ ሆነ ይህ ተማሪ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ኢያጎስ ምን ይምሰል? በክልሉ፣ በተለይም በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. መካከል በመተከልና በካማሺ ብዙ ደም ፈሷል። በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ ከመቶ በላይ ሰዎች በአንድ ጥቃት ተገድለዋል። ዘመዱን ያጣ ልጅ እርሳስ ሲይዝ፣ ለኢያጎ የጎረቤቱን ብሔረሰብ አፍንጫና አለባበስ ሊሰጠው ይፈተናል። ይህን በማድረጉ በጭካኔ ልንገሥጸው አይገባም፤ ሐዘኑ እውነተኛ ነውና። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥዕል ራሱ የኢያጎን ሥራ ይሠራል፤ አንድ ሰው የፈጸመውን ግፍ ያልፈጸሙት ሁሉ እንዲሸከሙት ያደርጋል።

እዚህ ላይ «ሥራው በቡድን መሠራቱ ይጠብቃቸዋል» የሚል ይኖራል። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ኦቴሎ የጠፋው በጆሮው አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ነበረ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው በአንድነት ሲሰበሰብ ከአንዱ ይልቅ ለወሬ ይቸኩላል፤ ሕዝብ ተሰብስቦ ንጹሕን የወነጀለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንግዲያው ልዩነቱ ከቁጥር ላይ አይደለም።

መልሱን የበርታ ሕዝብ ዋዛ ያስተምረናል። ቃሉ በአማርኛ ቀልድ ቢሆንም፣ የበርታ ዋዛ ግን ቁም ነገር ነው። ከቅል የተገጣጠሙ ረጃጅም መለከቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ መለከት የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ነፊው የራሱን ተራ ጠብቆ ካልነፋ፣ የሌላውንም ካላዳመጠ ዜማው አይወጣም። የቁጡ ሕዝብ ጩኸት ሁሉንም አንድ ድምፅ ሲያደርግ፣ ዋዛ ግን የተለያየውን ድምፅ ሳያጠፋ አንድ ያደርጋል። የተማሪዎቹም ቡድን ከወሬ የሚድነው፣ እያንዳንዱ «ይህን አንተ አይተሃል? ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ ለመጠየቅ ተራ ሲያገኝ ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ማለት ይኸው ነው።

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 13 የሶስናን ታሪክ እናስታውስ። ጉባኤው በሁለት ሽማግሌዎች ቃል አምኖ ሞት ፈረደባት። ወጣቱ ዳንኤል ግን ምስክሮቹን ለያይቶ፣ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ መልሳቸው ተለያየ፤ ንጹሕ ደምም ዳነ። ዴዝዴሞና ያጣችው ይህን አንድ ጥያቄ ነው። መሐረቡን ለኢያጎ የሰጠችው የገዛ ሚስቱ ኤሚሊያም፣ ሲፈለግ እያየች ዝም ባትል ኖሮ በመጨረሻ ሕይወቷን የከፈለችበት እውነት የሌላይቱን ሕይወት ባተረፈ ነበር። ስለዚህ በሸራው ላይ ለዝምታም ስፍራ ሊሰጠው ይገባል።

እንግዲህ የኢያጎን ፊት ማን ይሥላል? እኛ ሁሉም ይሣለው እንላለን፤ ግን እያንዳንዱ ከጎረቤቱ መልክ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ያልተጣራ ወሬ ካቀበለበት ከራሱ አንደበት ይጀምር። ይህ የሙታንን ሐዘን አያስረሳም፤ ለፍርድ የሚቀርበውንም ወንጀለኛ ነጻ አያወጣም። ይልቁንስ ነገ አንድ ሰው በጆሮአችን ሲያንሾካሹክ፣ ተከሳሹ እስኪጠራ ድረስ እንድንታገሥ ያዘጋጀናል። መምህራንና ወላጆች ይህን ሸራ ለልጆቻችን እንዲዘረጉላቸው፣ እኛም ታላላቆቹ አብረናቸው እንድንቀመጥ አደራ እንላለን።